ለምን አራት ክር ብቻ? ስለ አንቶኒ ጃክሰንና ስላሠራው ቤዝ ጊታር

እንደምን አመሻችሁ። ስለ አንድ ቤዝ ተጫዋች ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እኛ ቤዝ የምንጫወት ሰዎች ከዘፋኙ ኋላ፣ ከድራሙ አጠገብ፣ መብራቱ ከማይደርስበት ቦታ መቆም ልማዳችን ነው። ሕዝቡ ቤዙን የሚያውቀው ሲቋረጥ ነው። ሙዚቃው መሐል ላይ ገመዱ ተነቅሎ ቤዙ ድንገት ሲጠፋ፣ ሲጨፍር የነበረው ሰው ምን እንደጎደለው ሳያውቅ እግሩ ይፈዛል። ይህን ስንት ሌሊት በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጎኔ የተደገፈው መሣሪያ የእኔ አይደለም። አንድ ወዳጄ ለዛሬ ማታ ብቻ ብሎ አውሶኛል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን መሣሪያው እንዲህ ሆኖ እንዲወለድ ምክንያት ስለሆነው ሰው ላውራችሁ። ስሙ አንቶኒ ጃክሰን ነው። በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ይህን ሰው ያወቅሁት ስሙን ሳልሰማ ነው። በወጣትነቴ በአንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ይዤ ስገባ፣ ከምንጫወታቸው የውጭ ዘፈኖች አንዱ ኦጄይስ የሚባለው የአሜሪካ የዘፋኞች ቡድን «ፎር ዘ ላቭ ኦፍ መኒ» ነበር። ኪቦርድ የሚጫወተው ጋሼ ካሴቱን ከፈተና «በል እንግዲህ ልጄ፣ ይሄ ዘፈን ያንተ ነው፤ አንተ ካልጀመርክ ማንም አይጀምርም» አለኝ። እውነቱን ነው። ዘፈኑ የሚከፈተው በቤዝ ነው። ድምፁ ከሩቅ እየተንከባለለ የሚመጣ፣ ሲሄድ ሲመለስ የሚሰማ ነገር ነበር። ኖታዎቹን በሁለት ቀን ያዝኳቸው። ድምፁን ግን በሁለት ዓመትም አላገኘሁትም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ጃክሰን ያን መስመር የተጫወተው በጣቱ አልነበረም፤ ፒክ በሚባለው ትንሽ የክር መምቻ ነው። ድምፁ ፌዘር በሚባል መሣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ያ ማዕበል የሚመስለው ሽክርክሪት ከእሱ ነው የመጣው። ማሚቶውን ደግሞ ፊላደልፊያ ስቱዲዮ ውስጥ ሲያቀናብሩት ጨመሩበት። ዘመኑ 1973 ነው፣ ልጁ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የዘፈኑ ደራሲዎች ኬኒ ጋምብልና ሊዮን ሃፍ ቤዙ ዘፈኑን ምን ያህል እንደተሸከመው ስላወቁ፣ ስሙ ከእነሱ ስም ጋር በድርሰቱ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ስቱዲዮ ተጠርቶ የሄደ ቤዝ ተጫዋች የሰዓቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ አስቡት። በአራት ክር እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው ምን ጎድሎት ነው ሌላ መሣሪያ የፈለገው? ለዓመታት ያሰላሰልኩት ጥያቄ ይህ ነው። ዛሬም የማወራው ስለዚሁ ነው።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ፋብሪካ ወጥቶ ገበያውን የያዘው የመጀመሪያው ቤዝ ጊታር የሊዮ ፌንደር ነው፣ 1951። ሊዮ ፌንደር ሙዚቀኛ አልነበረም፤ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። በዚያ ጊዜ የቤዝ ሥራ የሚሠራው ቆሞ በሚጫወቱት በትልቁ ኮንትራባስ ነበር። ከባድ ነው፣ ታክሲ ውስጥ አይገባም፣ ድራምና ጡሩምባ ሲበረታበት አይሰማም፣ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚለዩ፣ ፍሬት የሚባሉ የአንገት ብረቶች ስለሌሉትም ለጀማሪ ድምፁ ይንሸራተታል። ፌንደር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈታው። አካሉን እንደ ጊታር ሠራው፣ ፍሬት ገጠመለት፣ በኤሌክትሪክ አስጮኸው። ክሮቹን ግን እንደ ኮንትራባሱ አራት አድርጎ ተዋቸው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በኖታ ስማቸው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። ዓለም በሙሉ ተቀበለው። እኔም፣ እናንተም፣ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የተጫወቱት አባቶቻችንም አራት ክር ይዘን ጀመርን፤ ማንም «ለምን አራት?» አላለም።

ጃክሰን አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ አንዴ ከሰማችሁት በኋላ ከጭንቅላታችሁ አይወጣም። ይህ መሣሪያ ከጊታር ቤተሰብ ውስጥ ድምፁ ዝቅተኛ የሆነው ወንድም ነው፤ ጊታር ደግሞ ስድስት ክር አለው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውም ስድስት መሆን ነበረበት። አራት የሆነው ፌንደር እጁ ጊታር እየሠራ ልቡ ኮንትራባስ እያሰበ ስለነበር ነው። ይህን ያለው ሰው ታዳጊ ሳለ በፒያኖ ጀምሮ፣ ጊታር አልፎ፣ ከዚያ ወደ ቤዝ የመጣ መሆኑን አትርሱ። በጊታር በር ስለገባ ጊታሩን ከቤዙ ውስጥ አላጣውም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ሰው ሊያርመኝ ይችላል። ባለ ስድስት ክር ቤዝ ከእሱ በፊትም ነበር። ዳንኤሌክትሮ በ1956፣ ፌንደርም ራሱ በ1961 ሠርተዋል። ነገር ግን እነዚያ ተራ ጊታር አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ኖታ ዝቅ ብሎ እስኪደገም ድረስ፣ ወደ ታች ወርዶ የተቃኘባቸው ናቸው፤ ወፍራሙ ክራቸው ያው የተለመደው ኢ ነው። ከኢ በታች አይወርዱም። ጃክሰን የጠየቀው ሌላ ነው። ከኢ በታች ቢ፣ ከጂ በላይ ሲ ይጨመር፤ ክሮቹ ሁሉ በመካከላቸው ያለው የድምፅ ርቀት እኩል ይሁን። ከታች ወደ ላይ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ። ስሙንም ኮንትራባስ ጊታር አለው።

ለምን ያን ያህል ዝቅ ማለት ፈለገ? ይህን በተመለከተ የራሴ ግምት አለኝ። ጃክሰን ሕይወቴን ቀየሩት ብሎ ይጠራቸው የነበሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው አይገናኙም። አንዱ ጄምስ ጄመርሰን ነው፣ የዲትሮይቱ ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች። ጄመርሰን አራት ክር፣ አንድ ጣት፣ እስኪያረጁ የማይቀየሩ ክሮች ይዞ የአንድ ዘመን ሙዚቃ ያስጨፈረ ሰው ነው። ሁለተኛው ጄፈርሰን ኤርፕሌን የሚባለው ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጃክ ካሳዲ ነው፤ እሱ ሮክ ነው፣ ድምፁ ወፍራምና የሚያጉረመርም። ሦስተኛው ፈረንሳዊው አቀናባሪ ኦሊቪየ ሜሲያን ነው፤ ስለ ጌታ ልደት በ1935 ለኦርጋን የጻፈው ሥራ ጃክሰንን ልቡን ነካው። እኔ ቁልፉ ያለው ሦስተኛው ላይ ይመስለኛል። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በእግር የሚረገጡ ቁልፎች አሉት፤ ከእነሱ የሚወጣው ዝቅተኛ ድምፅ ከጆሮ በፊት በደረት ይሰማል። ያን ድምፅ የሰማ ወጣት ወደ ቤቱ ተመልሶ ቤዙን ሲያነሳ፣ የኢ ክር ላይ ሲደርስ ወለሉ ገና ሩቅ መሆኑን ያውቃል። እዚያ ላይ መቆም ይከብደዋል።

ሐሳብ ያለው ሰው ግን ብዙ ነው፤ ጭንቁ የሚሠራውን ማግኘት ነው። ጃክሰን ሐሳቡን ይዞ ወደ ጊታር ሠሪዎች ሄደ። በ1975 ካርል ቶምፕሰን የሚባል የኒው ዮርክ ጊታር ሠሪ የመጀመሪያውን ሠራለት። ለቶምፕሰን ትልቅ አክብሮት አለኝ። ይህ መሣሪያ በሱቅ የሚታይ አብነት የለውም። ለእንዲህ ያለ ቤዝ ተብሎ የሚሸጥ የክር ስብስብ እንኳ በየሱቁ አይገኝም ነበር። ሠሪው የሌለውን ነገር በቃል እየተነገረው፣ በእንጨት መመለስ ነበረበት።

የመጀመሪያው ፍጹም አልነበረም። ክሮቹ እጅግ ተቀራርበው ነበር። የቀኝ ጣት አንዱን ሲመታ ጎረቤቱን ይነካል። ክሮቹን ለማራራቅ አንገቱን ማስፋት ያስፈልጋል፤ አንገቱ ሲሰፋ ደግሞ የግራ እጅ ይጨነቃል። እንጨቱ ስድስት ክር ሲጎትተው እንዳይጎብጥ መጠንከር አለበት፤ ሲጠነክር ይከብዳል። አንዱን ስትፈታው ሌላው ይቋጠራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ለካ አራት ያደረጉት ወደው አይደለም» ብሎ ይመለስ ነበር። ጃክሰን ወደ ሠሪዎቹ መመለሱን ቀጠለ። ከቶምፕሰን በኋላ ኬን ስሚዝ ሠራለት። ከዚያ ቪኒ ፎዴራና ጆይ ላውሪሴላ በ1983 ብሩክሊን ውስጥ ባቋቋሙት የጊታር መሥሪያ እየተመላለሰ፣ አንዱን ሲያሠራ የሚቀጥለውን እያሰበ፣ ረጅም ዘመን አብሯቸው ሠራ። ደንበኛና ነጋዴ ከመሆን አልፈው የአንድ ሐሳብ ሁለት እጆች ሆኑ።

ስለ ክሩ ርዝመት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በራሴ ላይ የደረሰ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት ገንዘብ አጠራቅሜ ባለ አምስት ክር ቤዝ ገዛሁ፤ ቢ ክር ያለው። የሸጠልኝ ሰው አወድሶ አልጠገበም ነበር። ቤቴ ወስጄ ስሰካው ያ ቢ ክር እንደ ላላ የልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዛል። ሲመቱት «ቧ» ይላል እንጂ ኖታው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አምፑን ቀየርኩ፣ ክሩን ቀየርኩ፣ ምንም። ጥፋቱ የእኔ እጅ መስሎኝ ወራት ተጨነቅሁ።

ነገሩ የፊዚክስ ነው። የክር ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በክብደቱና በውጥረቱ ነው። ኢ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ቢ ወደ 31 ይወርዳል። የፒያኖ የመጨረሻው ጥግ ላይ ያለው ድምፅ 27.5 ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት ነን። ወደዚያ ለመውረድ ክሩን ካላላችሁት ይዝላል፤ ካወፈራችሁት እንደ ብረት ዘንግ ይደነዝዛል። የቀረው መንገድ ማስረዘም ነው። የተለመደው ቤዝ የክር ርዝመት 34 ኢንች ነው፣ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጃክሰንና ፎዴራ 36 ኢንች ላይ ደረሱ። ሁለት ኢንች ለዓይን ምንም አይደለም። ነገር ግን ያው ክር በያው ድምፅ ሲቃኝ ውጥረቱ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያ «ቧ» የነበረው ድምፅ አፍ ያወጣል፣ ኖታ ይሆናል። ዋጋውን የሚከፍለው የግራ እጅ ነው፤ ፍሬቶቹ ስለሚራራቁ ጣት ይበልጥ ይዘረጋል። ጃክሰን ይህን ዋጋ ለመክፈል ተቀመጠ። ቃል በቃል ነው የምላችሁ፦ መድረክ ላይ ይጫወት የነበረው ተቀምጦ ነው፣ መሣሪያውን እንደ ክላሲካል ጊታር አቅፎ።

በ1989 ደግሞ የመሣሪያው መልክ ተለወጠ። አብዛኛው ኤሌክትሪክ ቤዝ አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓድ አለው፤ የቀረው እንጨት እንደ ቀንድ ይወጣል። በዚህኛው የላይኛው ጉድጓድ ተደፈነ፤ እንጨቱ ከአካሉ ተነስቶ አንገቱን አቅፎ ወደ ላይ ይወጣል። ውበት ብቻ አይደለም። አንገቱ እዚያ ላይ ሲታቀፍ ስለማይንቀጠቀጥ የክሩ ኃይል ድምፅ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ በየሱቁ የምታዩት ባለ አንድ ጉድጓድ ቤዝ ዘሩ ከዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የጨመረው ሳይሆን የቀነሰው ነው። የኋለኞቹ የጃክሰን መሣሪያዎች ላይ የድምፅ መቆጣጠሪያ የለም። ድምፅ ማሳነሻ የለም፣ ማቅጠኛ ማወፈሪያ የለም። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር አንድ ፒክአፕ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ገመዱ። የድምፁን መጠን በእግሩ ፔዳል ይመራ ነበር፤ ጥራቱን ደግሞ በእጁ። ክሩን አካሉ ላይ ከሚያርፍበት ከድልድዩ አጠገብ ሲመታው ይጠነክራል፣ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ በመዳፉ ጠርዝ ሲያፍነው ይደርቃል። ክር የጨመረው ሰው ቁልፍ ሁሉ አስወጣ። ይህ ሰው መሣሪያውን ያሠራው ለማብዛት እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

አጨዋወቱም ይህንኑ ይናገራል። ስድስት ክር የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ስድስቱንም ካላሳየን አይረካም፤ እንደ ጊታር ይሮጣል፣ ከላይ ከላይ ይጮኻል። በዘመኑ ፋሽን የነበረውን በአውራ ጣት የመምታት አጨዋወትም ሁሉም ሲይዘው እሱ አልተጫወተውም። በጊታሪስቱ አል ዲ ሜኦላ «ኤሌጋንት ጂፕሲ» አልበም ላይ፣ በ1977፣ ፈጣን ነገር መጫወት እንደሚችል አሳይቷል፤ የሚጠራጠር የለም። በ1981 ከጊታሪስቱ ስቲቭ ካን ጋር በሠራው «አይዊትነስ» አልበም ላይ ደግሞ ጊታር፣ ቤዝ፣ የስቲቭ ጆርዳን ድራምና የማኖሎ ባድሬና ፐርከሽን አራቱ ሲነጋገሩ ትሰማላችሁ፤ ማንም ማንን አያቋርጥም። ቦታ አለ። ዝምታ አለ። በሚሼል ካሚሎ፣ በዶሚኒካኑ ፒያኒስት ሥራ ውስጥ፣ ፒያኖው እንደ ዝናብ ሲወርድ እሱ ከታች መሬቱን ይዞ ይቆያል።

ለወጣቶች ሁልጊዜ የማሰማው ግን የጃፓናዊቷ ፒያኒስት የሂሮሚ ትሪዮ ነው፤ ከድራመሩ ሳይመን ፊሊፕስ ጋር፣ ከ2011 «ቮይስ» እስከ 2016 «ስፓርክ»። ሂሮሚ ሙዚቃዋ ቁጥሩ አስቸጋሪ ነው፣ ይቆረጣል፣ ይገለበጣል፣ ሁለት እጇ ሁለት ሰው ነው። ፊሊፕስ ከበሮዎቹን እንደ ሠራዊት ደርድሮ ተቀምጧል። በዚህ ሁሉ መካከል ከስልሳ ዓመቱ ደፍ ላይ ያለው ሰው ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ አንድ ዝቅተኛ ኖታ ያስቀምጣል። ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል። ለፒያኖው ያኔ ወለል የነበረው ጣሪያ ይሆንለታል፤ ከሥሩ ሌላ ፎቅ ተከፍቷልና። ባለ አራት ክር ቤዝ ያን ፎቅ አያውቀውም። እዚያ ላለው ለአንድ ቢ ኖታ ብሎ የዕድሜውን ግማሽ የደከመ ሰው፣ ሲያገኘው ደግሞ ቆጥቦ የሚጠቀምበት ሰው! ያ ቁጠባ ነው እኔን የገዛኝ።

በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፣ ድምፁም ከላይ ነው። አንድ ቀን አንድ የአገራችን ባለሙያ ክራር ዝቅ የሚል ወንድም ለምን የለውም ብሎ ቤዝ ክራርን ሠራ። ዛሬ የባህል ባንድ ያለ እሱ አይቆምም። እነማን እንደጀመሩት በደንብ ተጽፎ ባይቆይልንም፣ ጥያቄያቸው ከጃክሰን ጥያቄ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ክራር የሚሠሩ አዛውንቶች ጋ ስትሄዱ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ ለምን እንዲህ አደረጉት፣ እንዲህ ቢሆንስ ብላችሁ ጠይቋቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው የተቀመጡት።

ለጃክሰን የተሠራው ለጃክሰን ብቻ አልቀረም። ከእሱ በኋላ ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ፓቲቱቺ በፒያኒስቱ ቺክ ኮሪያ ኤሌክትሪክ ባንድ ባለ ስድስት ክር ይዞ ወጣ። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች በሺህ ያመርቱታል። አዲስ አበባም ገብቷል። መጀመሪያ ያየሁት አንድ እንግዳ ሙዚቀኛ ከውጭ ይዞት መጥቶ «ያዘው፣ አትፍራ» ሲለኝ ነው። አንገቱ እንደ ጠረጴዛ ሰፍቶብኝ፣ አውራ ጣቴን ከኋላ የት እንደማደርግ ጠፋብኝ። የለመድኩት ኢ ክር ከጫፍ ወደ መሐል ገብቶ፣ እጄ በጨለማ ቤቱን እንደሚፈልግ ሰው ተንከራተተ። ሦስት ደቂቃ ያህል ይዤው መለስኩለት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ይህን ከጎኔ ያለውን ላንሳ። ባለ ስድስት ክር ነው፣ ርዝመቱ 36 ኢንች። ከመምጣቴ በፊት ቃኝቼዋለሁ፣ ግን እንጨት ነውና ሙቀቱ ቀይሮት እንደሆነ አያለሁ… ደህና ነው። ፈጣን ነገር አልጫወትም። መዳፋችሁን ከፊታችሁ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ አሳርፉ፤ እንዲያ። መጀመሪያ የምታውቁትን ኢ እመታለሁ፣ ከዚያ እስኪጠፋ እንጠብቃለን። ቀጥሎ የሚመጣው ቢ ነው።